ዘንዶው ሸሽጓታል ብዬ የተከራከርኩ ቀን

ፋሲዬ፣ ኮልፌ አክስቴ ቤት እግሬን ዘርግቼ ነው የምጽፍልሽ። እናትሽን ማስታመም ባይዝሽ ኖሮ አብረን እንደክም ነበር። በስልክ የምናነበው በሥዕል የሚተረክ ኮሚክ ተከታዮች አየር ጤና አንድ ጁስ ቤት ተሰብስበን ዋልን። ከቡታጅራ ያመጣኝ መንገድ እንደነሱ ክርክር አላደከመኝም። ጥያቄው ያው የኛው ነው፤ የሐይቁ ዘንዶ የንጉሡን ልጅ በላት ወይስ ሸሸጋት? እኛ ሁለት ብቻ ስለሆንን አንዳችን ስናወራ ሌላችን እንሰማለን። እዚያ ግን ሁሉም ባንዴ ይናገራል።

አንዱ "ሸሸጋት የሚሉት ማልቀስ የሚፈሩ ናቸው" ብሎ ሲያስቅ ግን፣ አንቺ በሌለሽበት አላስቻለኝም። እኔ በልቷታል ባይ እንደሆንኩ ታውቂያለሽ። ያንቺን ሐሳብ ይዤ ተነሳሁ። ዘንዶው ልጅቷ ከጠፋችበት ቀን ወዲህ በአንድም ሥዕል ላይ አፉን ከፍቶ እንደማያውቅ አሳየኋቸው። አፉ ውስጥ ሸሽጓት ነዋ!

ስንበታተን ስለ ኮሚኩ የምንጻጻፍበትን የቴሌግራም ግሩፕ የከፈተው ረሻድ የጁስ ቤቱ ደረጃ ላይ ጠበቀኝ። የመኪና መለዋወጫ ሻጭ ነው።

"ይሄ የፋሲካ ሐሳብ ነው አይደል? ያቺ ግሩፑ ላይ ረጃጅም ጽሑፍ የምትጽፈው?"

"ጓደኛዬ ናት። የሚመልስላት ስለሌለ ከግሩፑ ልትወጣ ነው" አልኩት።

አንገቱን ደፋ። "ደንበኛ ሲጠፋ ሱቅ ቁጭ ብዬ የማነበው የሷን ነው። እጄ ግሪስ ስለሆነ መልስ አልጽፍም። እንዳትወጣ ንገሪያት።"

ይኸው ነገርኩሽ። የምጽፍበት ፖስት ካርድም ሞላ። እማማን "ሃፊዛ አላህ ያሽርዎት ብላለች" በይልኝ። እሳቸው እንቅልፍ ሲወስዳቸው አንቺም ጋደም በይ።

ሃፊዛ