«በአካል ቀርበው ይውሰዱ» ላሉን ለኢሚግሬሽን ኃላፊ

ለተከበሩት የኢሚግሬሽን ማቆያ ዋና ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ እርስዎ እስከፈቀዱልን ድረስ ደኅና ነን። ከሁሉ አስቀድሜ ከባድ ወንጀሌን ልናዘዝ፦ ሰኞ ዕለት ከእንግዳ መቀበያዎ ሳህን ላይ ሁለት ከረሜላ ያለ ፈቃድ አንስቻለሁ። ሕግ አክባሪነትዎን ስለማውቅ ሳይደርሱብኝ ራሴን አጋልጫለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥሪዎ እናመሰግናለን። «የመኖሪያ ፈቃድዎ ታድሷል፣ በአካል ቀርበው ይውሰዱ» የሚለው መልእክታችሁ ሲደርሰው፣ ፀጉር አስተካካዩ አባቴ የደንበኛውን ፂም ግማሹን ላጭቶ፣ ግማሹን ለፈጣሪ ትቶ ወደ መሥሪያ ቤትዎ በረረ። በር ላይ ፈቃድ ቢጠየቅ «እሱን ልወስድ ነው የመጣሁት» አለ። ዘበኞችዎም ፈቃድ ሳይዝ ተገኘ ብለው ሦስተኛ ፎቅ ወስደው ቆለፉበት። ፈቃዱ ምድር ቤት መስኮት ሁለት ውስጥ ተኝቷል፤ ባለቤቱ ከበላዩ ታስሯል።

ሁለተኛ፣ ለትልቅ ሰው እጅ ከመንሳት ሌላ ሙያ የሌለው አጎቴ ውክልና ይዞ ቢሄድ፣ የመስኮቷ ሴትዮ «ባለቤቱ ራሱ ካልመጣ አንሰጥም፣ ጋሼ» አለችው። እዚሁ ፎቅ ላይ ነው ቢላት፣ «ታዲያ ይውረዳ!» አጎቴ አመስግኖ ወጣ።

ሦስተኛ፣ ጠበቃችን አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አስገብተው ዳኛዋ «ሰውየውን አቅርቡ» ብለው ሲያዙ፣ ወኪልዎ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው «ፈቃድ ስለሌለው ከግቢ ልናስወጣው አንችልም» ብለው መለሱ። ክቡርነትዎ፣ ይህን ከመስማት ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አንገትን ቀልሶ መዋል ይሻላል።

አራተኛውን ነጥብ፣ ጠበቃችን አትጻፊው ብለውኛል። እሳቸው «እንደምን አደርሽ» ለማለት እንኳ ሦስት ጊዜ ጉሮሯቸውን የሚጠርጉ ጥንቁቅ ሰው ስለሆኑ ታዝዣለሁ።

ከእግርዎ ሥር ከመውደቅ ከፊትዎ መቆምን የምትመርጥ፣
አክባሪዎ የታሳሪው ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዳኛዋ ዛሬም አባቴን ካላመጣችሁት እርስዎ ራስዎ ቀርበው እንዲያስረዱ አዘዋል። እኔም ይህን የምጽፈው ከችሎቱ በር አግዳሚ ላይ ሆኜ ነው። ድንገት ከመጡ መታወቂያዎን አደራ፤ ዘንድሮ በር ላይ የሚቆም ሰው ክፉ ነው። ደግሞም ወኪልዎ ዛሬ ምን ሰበብ እንደሚፈጥሩ ለማየት እጅግ የጓጓሁ ስሆን፣ እነሆ በደረጃው በኩል ሁለት ፖሊሶች መካከላቸው አንድ ከሲታ ሰው አድርገው...

«አንቺ ጦጢት! ደግሞ ማንን እየለከፍሽ ነው?»

አባዬ ነው።