ጋኔን ያልሁት የካልሲየም ማነስ

ሞጣ፣ ኅዳር 12

ውድ ወይንእሸት፣

ብቸና እናትሽ ቤት ከገባሽ አምስት ወር ሆነሽ። እኔ አሁንም ቀሚስ ሰፍቼ ስጨርስ ለጥልፍ ወደ ወንበርሽ እወረውራለሁ፤ እዚያው ተከምሯል። ደንበኛ ሲመጣ "ጠላፊዋ የለችም" እላለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ነርሷ ማርያማዊት ቀሚስ ልትለካ መጥታ ስላንቺ ጠየቀችኝ። እንቅርትሽ ባሕር ዳር በቀዶ ጥገና ከወጣ ወዲህ ከንፈርሽን ውርር ያደርግሽ እንደነበር፣ ጣቶችሽ እየተኮማተሩ መርፌው ይወድቅብሽ እንደነበር ነገርኋት።

"አንዷለም፣ የካልሲየም ኪኒኗን ትወስድ ነበር?" አለችኝ።

የትከሻዋን ልክ ደግሜ ለካሁ።

ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ኩላሊት ደም ሲያጣራ ጨዉንም፣ ካልሲየሙንም፣ ማግኒዚየሙንም አብሮ ያወጣል። ግን ሁሉን በሽንት አይጥልም፤ እኛ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የሚረባውን እንደምንለቅመው፣ የሚያስፈልገውን እየለቀመ ወደ ደም ይመልሳል። ካልሲየሙን አጥብቆ እንዲይዝ የሚያዝዙት ከእንቅርቱ ኋላ ያሉ፣ ምስር የሚያካክሉ አራት ዕጢዎች ናቸው። እነሱ ከተጎዱ ትእዛዙ ይቀርና ካልሲየሙ በሽንት ይሄዳል፤ ከደም ሲያንስ ጡንቻ ይኮማተራል። ሐኪሞቹ ይህ ሊመጣ እንደሚችል ነግረውን ነበር ኪኒኑን የሰጡን። አንቺ ሰምተሻል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።

መንፈስ ነው ብዬ ጸበል ወሰድሁሽ። ቄሱ እንኳ "መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትጠመቅ" ብለው ነበር። ከሳቸው በላይ አማኝ ሆኜ ኪኒኑን ከቦርሳሽ አውጥቼ ደበቅሁት። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይኸው ነው።

በሦስተኛው ቀን እጅሽ ጨርሶ ሲቆለፍ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ "ማን ነህ? ስምህን ተናገር!" ብዬ ጮኽሁብሽ።

"እኔ ነኝ፣ አንዱዬ። ወይንእሸት ነኝ" አልሽ።

ደግሜ ጮኽሁ። ደግመሽ ስምሽን ነገርሽኝ። ውሸታም አልሁሽ። ወንድምሽ ታደለ ደርሶ ሐኪም ቤት ባያደርስሽ ኖሮ ዛሬ ለማን እጽፍ ነበር?

እዚህ ሰዉ እስካሁን "ያቺ መንፈስ ያለባት" ይልሻል። ስሙን ያወጣሁልሽ እኔ ነኝ። የፊታችን እሑድ የሰንበቴ ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ፣ ጠላው ሳይቀዳ ተነሥቼ ሁሉን እነግራቸዋለሁ፤ ኪኒን መደበቄንም ጭምር። የፈለጉትን ይበሉኝ።

ተመለሽ ለማለት አፍ የለኝም። ብቻ ኪኒኑን እንዳታቋርጪ አደራ። ቤቱ ያለአንቺ ጭር ብሏል፤ ይህንንም ልደብቅሽ አልችልም።

ያን ቀን ልመልስልሽ የሚገባኝን ዛሬ ልጻፍልሽ፦ አዎ፣ አንቺ ነሽ። ወይንእሸት ነሽ።

ያላመነሽ ባልሽ፣
አንዷለም