ባለቤቴ ስለሠራውና ድርጅትዎ ስላጠፋው ቤት

ጌሞችን በኢንተርኔት በየቤቱ ያደርስ ለነበረው ድርጅት ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና እስካሁን ላልተዘጉት ሰርቨሮችዎ ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት በአራሚነት ያገለገልኩ፣ ዕድሜዬን የሌላውን ሰው ስህተት በቀይ ብዕር ሳከብብ የፈጀሁ ሴት ነኝ። ይህን ጉዳይ በግል ላሳውቅዎ አራት ጊዜ ጽፌ፣ አራቱንም ጊዜ ድካም ከማያውቀው መልስ ሰጪ ማሽንዎ በ«መልካም ቀን ይሁንልዎ» የሚደመደም ምላሽ ስላገኘሁ፣ ቀኔ ከዚህ በላይ መልካም እንዳይሆንብኝ ሰግቼ በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ባለቤቴ ግንበኛ ነበር። የሥራ ጓደኞቹ «ውሃ ልክ» እያሉ ነበር የሚጠሩት፤ መሣሪያውን ሳያስቀምጥ በዓይኑ ብቻ አይቶ ግድግዳው የቱ ጋ እንደተዛባ ይናገር ስለነበር ነው። ሠላሳ ዓመት ለሰው ቤት ሲሠራ ኖሮ እኛ ግን ከአንዱ የኪራይ ቤት ወደ ሌላው ዕቃ ስናጓጉዝ አረጀን። አንድ ቀን አራተኛ ፎቅ ላይ የቆመበት መወጣጫ ከሥሩ ከዳውና ወደቀ፤ ከዚያ ወዲያ ከወገቡ በታች ያለው አካሉ አልታዘዘው አለ። አንዲት ልጅ አለችን፤ የግማሽ ቀን የአውቶቡስ መንገድ በሚያስኬድ ከተማ ነርስ ናት። ገና ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ፣ በከንቱ ተስፋ እንዳይኖር ብላ፣ ከእንግዲህ መገንባት እንደማይችል እሷው ነገረችው። የተናገረችው እውነት ነበር፤ እሱ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ለዓመት ከመንፈቅ አላናገራትም። እረፍት ባገኘች ቁጥር እየመጣች ቁስሉን ታጥብለታለች፣ ትራሱን ታስተካክልለታለች፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ትሄዳለች።

እዚህ ላይ አንድ ምስጋና ላቅርብ። ይህኛው ከልቤ ነው፤ ከዚህ በታች ለሚመጡት ምስጋናዎች ግን እንዲህ ያለ ማረጋገጫ መስጠት ስለማልችል፣ ይህን ለብቻው ለይተው እንዲያስቀምጡልኝ እለምናለሁ። ማስታወቂያዎ «ውድ ማሽን አያስፈልግም፤ ያለዎት ስክሪን ይበቃል፤ የእርስዎን ዓለም ይገንቡ» ይል ነበር። እውነት ነው፣ አላስፈለገም። ልጃችን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጆይስቲክ ይዛ መጥታ፣ ከአልጋው ፊት ለፊት ካለው አሮጌ ቴሌቪዥን ጋር አያያዘችው፤ ጌሙ የሚሠራው ከእኛ ቤት ሳይሆን እግዜር በሚያውቀው ርቀት ካለው የእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ነበርና ሌላ ምንም አልጠየቀም። ከዚያም ለአባቷ አንዲት ቃል ሳትናገር፣ ሐይቅ ዳር ካለ ኮረብታ ላይ ቤት መሥራት ጀመረች። መቼም እንደዚያ ያለ ቤት አይቼ አላውቅም። ማዕዘኑ አይገጥምም፣ ከበሩ በላይ ግድግዳውን የሚሸከም ነገር የለም፣ አንዱ ጎን ወደ ሐይቁ አዘንብሏል። ባለቤቴ ቀስ በቀስ ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። ሩብ ሰዓት ያህል ጥርሱን ነክሶ ታገሰና በመጨረሻ፣

«ይሄ ግድግዳ ይወድቃል» አላት።

«እንግዲያው አንተ አስተካክለው» አለችና ጆይስቲኩን ደረቱ ላይ አስቀመጠችለት።

ክቡር ሆይ፣ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ የተነጋገሩት ይህንን ነበር፤ ያነጋገራቸውም የእርስዎ ድርጅት ነው። ይህን አልክድም፤ ብክድም ልጄ ታፍርብኛለች። አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልለፍ።

አንደኛ፦ ስለ መዘግየቱ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ ብሎኬት ሲያስቀምጥ፣ ትእዛዙ እናንተ ዘንድ ደርሶ ምስሉ እስኪመለስ ድረስ አንድ ትንፋሽ ያህል ይቆይ ነበር፤ ባለሙያዎችዎ በጽሑፋቸው «በሰው የማይስተዋል» ያሉት ያ መዘግየት በግንበኛ እጅ እጅግ ይስተዋላል። የመጀመሪያው ሳምንት በንዴት አለቀ። ከላያችን የሚኖሩት፣ ኢንተርኔት የምንጋራቸው ጎረቤቶች ፊልም መክፈት ሲጀምሩ ደግሞ ምስሉ ይፈረካከስና ሐይቁም፣ ኮረብታውም፣ ቤቱም አራት ማዕዘን ጭቃ ይሆናሉ። ባለቤቴ ግን መዘግየቱን ለመደው፤ እጁን ከዓይኑ አስቀድሞ መላክ ተማረ። አንድ ሥራ ለምደው የኖሩ ሰዎች እግር ሲከዳቸው ሌላ ነገር መልመድ እንደሚችሉ ስላሳዩን፣ ምስጋናችን ይድረስዎ።

ሁለተኛ፦ ከዚያ ቤት ጎን ለጎን የጀመረው አንድ ድልድይ፣ በሌላ ጌም ውስጥ የነበረ፣ ጌሙ ከዝርዝርዎ ሲወጣ ከነወንዙ ጠፋ። ሠላሳ ዓመት ሲሚንቶና ብረት ተሰርቆበት ያውቃል፤ ድልድይ ሲሰረቅበት ግን ያ የመጀመሪያው ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት ሳቀበት። ያን ጊዜ መጠርጠር የነበረብን እኛ ነን።

ሦስተኛው ቅሬታ ረዘም ይላል፤ ስለ ቤቱ ነውና።

ባለቤቴና ልጃችን ሁለት ዓመት ተኩል ሠሩበት። እሷ ከሥራ ስትወጣ በስልኳ ትገባለች፣ እሱ እዚህ በቴሌቪዥኑ፤ እሷ ድንጋይ ታቀርባለች፣ እሱ ይደረድራል። ፊት ለፊት ተቀምጠው ሊነጋገሩት ያልቻሉትን፣ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ ሆኖ ሲነጋገሩት እሰማ ነበር። ስለ አወዳደቁ ለእኔ ነግሮኝ የማያውቀውን ለእሷ የነገራት የሳሎኑን ጣሪያ ሲያለብሱ ነው፤ ያን ቀን ሆስፒታል ውስጥ በተናገረችው ምክንያት ይቅርታ የጠየቀችውም የጓዳውን ወለል ሲያነጥፉ ነው። እሱም ይቅር ብያለሁ አላላትም፤ «እዚህ ጋ ትንሽ ከፍ አድርጊው» ነበር ያላት። እሷ ግን ገብቷታል።

በዚያ ቤት ውስጥ አንድም ደረጃ አልነበረም። ከወለል ወለል የሚያገናኘው ለተሽከርካሪ ወንበር እንዲመች ሆኖ የተሠራ ተዳፋት ነው። ልጃችን ገርሟት፣ እዚህ ጌም ውስጥ እግሩ ደህና እንደሆነ፣ እንደ ልቡም መሮጥ እንደሚችል ስታስታውሰው «ወደዚህም የምመጣው እኔው ነኝ» ብሎ መለሰላት።

አንድ ቀን እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ለማግስቱ የሚደርስ መጽሐፍ ሳርም፣ ለአንዲት ክፍል መስኮቱ በየት በኩል እንዲሆን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ቀና ሳልል የትም ይሁን አልኩት። ክቡር ሆይ፣ ይህን ቅሬታ በእርስዎ ላይ አላቀርበውም፤ ተቀባዩ እኔ ነኝ።

ካለፈው በፊት በነበረው ክረምት የጀርባው ቁስል ወደ ደሙ ገባና በዘጠኝ ቀን ውስጥ አረፈ። ለቅሶው ካለፈ በኋላ ልጃችን ጆይስቲኩን አስይዛኝ መራመድ አስተማረችኝ። ከግድግዳ ጋር እየተላተምኩ፣ ወደ ላይ እያንጋጠጥኩ፣ በተዳፋቱ ወጣሁና ያችን ክፍል ከፈትኳት። ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ ለመጻሕፍት የሚሆን መደርደሪያ ነበረባት፤ መስኮቷ በግራ በኩል ነው። በቀኝ እጇ ለምትጽፍ ሰው ብርሃን ከግራ ካልመጣ የእጇ ጥላ ፊደሉን እንደሚሸፍንባት፣ በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር አንድም ጊዜ ነግሬው አላውቅም። አይቶ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ጠዋት ልጄና እኔ እዚያ ቤት እንገናኝ ነበር። ምንም አንሠራም፤ እሷ ሰገነቱ ላይ ትቆማለች፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ።

አራተኛ፦ አገልግሎቱ እንደሚዘጋ ከሁለት ወር በፊት በጨዋነት ስላሳወቁ አመሰግናለሁ። ያሳወቁት በኢሜይሉ አድራሻ ለባለቤቴ ነበር፤ እሱ ደግሞ በዚያን ጊዜ ደብዳቤ የማይደርስበት ቦታ ነበር። እኛ ያወቅነው አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ቴሌቪዥኑ ላይ በወጣ ቀይ ጽሑፍ ነው። ቤቱን በሆነ መልክ ገልብጠው እንዲሰጡን ስንለምን፣ ቤቱ ከእናንተ ኮምፒውተር ውጪ መኖር እንደማይችል፣ ለማንኛውም ጥያቄውን ራሱ የአካውንቱ ባለቤት በአካል ማረጋገጥ እንዳለበት ገለጹልን። ባለቤቴ መሞቱን ስጽፍ፣ በውሉ መሠረት እሱም ቢሆን «የተፈቀደለት ተጠቃሚ» እንጂ ባለቤት እንዳልነበረ በትህትና አስረዱኝ። ለእኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ባለቤቴ ነበር፤ ለእናንተ ግን የምንም ባለቤት አለመሆኑን ከእናንተ ሰማሁ። ውሉን አውጥቼ አነበብኩት፤ እውነትም እንደዚያ ይላል፣ አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም። ሰው በጻፈው ሁሉ ላይ ስህተት የምለቅመው እኔ፣ ያንን አርባ ገጽ ሳላነብ «እስማማለሁ» የሚለውን በገዛ ጣቴ ነበር የተጫንኩለት።

ከሠራተኞችዎ አንዷ ብቻ፣ ከተዘጋጀው መልስ ወጥታ፣ ምንም ማድረግ ባትችልም እሷ ራሷ ወደ ቤቱ ገብታ በየክፍሉ እንደዞረች፣ በጣም ያማረ ቤት እንደሆነም ጽፋልኛለች። እንዳይቀጧት ማንነቷን አልገልጽም። ሥራውን ሌላ ሰው አይቶ ያደነቀለት ለመጨረሻ ጊዜ ያኔ ነው።

አምስተኛ፦ በመጨረሻው ቀን ልጄ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ መጣች። ይዘጋል ያላችሁት እኩለ ቀን ላይ ነበር። በስልካችን የቴሌቪዥኑን ፎቶ አነሳን፤ መስታወቱ አብረቅርቆ ከቤቱ ይልቅ የእኔ ፊት ነው የወጣው። ከዚያ ልጄ አባቷ ሁለት ረድፍ ደርድሮ የተወውን የሰገነት ግንብ መጨረስ እንደምትፈልግ ነገረችኝና ተቀመጠች። ረድፉን እየጠበቀች፣ መጋጠሚያውን እንደ አባቷ እያፈራረቀች ሠራች፤ ያች ድሮ ግድግዳ ያጣመመች ልጅ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ የቀሩትን ብሎኬቶች እቆጥርላት ነበር። ስድስት ሲቀሯት፣ ካላችሁት ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ቀድሞ፣ ስክሪኑ ጠቆረና አብረን ላሳለፍነው ጊዜ የሚያመሰግን ጽሑፍ ወጣ። ልጄ ጣቷን ከጆይስቲኩ ላይ አላነሳችም። ወደ ጠቆረው ስክሪን እያየች፣

«እማ፣ መጨረስ እችል ነበር አይደል?» አለችኝ።

ትችይ ነበር አልኳት። ጆይስቲኩን ገመዱን ጠቅልላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፣ ፊቷን ታጠበች፣ በከሰዓቱ አውቶቡስ ተመለሰች።

አሁን በስልክ እንገናኛለን። ጤናዬን ትጠይቀኛለች፣ ጤናዋን እጠይቃታለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም የምንለው ይጠፋንና አንዳችን ሥራ እንዳለብን እንናገራለን። እዚያ ቤት ውስጥ ዝም ብለን አብረን መቆም እንችል ነበር። በስልክ ዝም ማለት አይቻልም፤ ሰው መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል። ባለፉት ሦስት ቅዳሜዎች አልደወለችም፤ እኔም አልደወልኩም።

ቤቱን እንዲመልሱልን አልጠይቅም፤ እንደማይመለስ በአራት ደብዳቤ አስረድተውኛል። የምለምነው አንድ የእርማት ሥራ ብቻ ነው። ወደፊት ሌላ አገልግሎት ሲከፍቱና ማስታወቂያውን ሲያሳትሙ፣ «የእርስዎን ዓለም ይገንቡ» ከሚለው ላይ የመጀመሪያዋን ቃል እንዲሰርዟት ነው። አጭር ቃል ናት፣ ብትወጣም ዓረፍተ ነገሩ አይጎድልበትም፤ አንድ ሽባ ግንበኛ ግን እሷን አምኖ ሁለት ዓመት ተኩል ሠርቷል።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ ያለዎትን ሁሉ በእጅዎ ዳስሰው ባለቤትነቱን የሚያረጋግጡበት ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ እንደ ውሉ አጠራር የተፈቀደላት ተጠቃሚ እንኳ ያልሆንኩ ትሑት አገልጋይዎ፣

የውሃ ልክ ሚስት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ልዘጋ ስል ከአዲሱ አገልግሎትዎ ለባለቤቴ የተላከ መልእክት ደረሰን። «ናፍቀውናል፤ የት ጠፉ?» ይላል። እኛም ናፍቆናል። የት እንዳለ ለእናንተ ከመለሰላችሁ፣ በአክብሮት እለምናለሁ፣ ለእኔም አስተላልፉልኝ።