ሰዓቱን ያረሙት ደም ቀጂ

በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «እጀ ቀላል» እየተባሉ የሚታወቁት እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአምስት ልጆች ሦስተኛዋ ነበሩ። ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ ተከታትለው በ1967 ዓ.ም. በላቦራቶሪ ረዳትነት ተመረቁና በሆስፒታል ደም ቀጂነት ተቀጠሩ። ጨዋታ አስጀምረው መርፌው ሳይታወቅ ስለሚጨርሱ፣ ሕፃናት ሳይቀሩ «እሷ ትውጋኝ» ይሉ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ከመንገድ ቀያሹ አባታችን ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1998 ዓ.ም. ሆስፒታሉ አንድ ጥናት ጀመረ፤ ልጅ የሚያስታምሙ እናቶች ጭንቀት፣ ኮርቲዞል የተባለውን የደም ሆርሞንና የዘረመሎቻቸውን አሠራር ይለውጥ እንደሆነ ለማወቅ ነበር። ለንጽጽር የቢሮ ሠራተኞች ደም ይቀዳል። ሁሉም ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ እንዲቀዳ ታዝዞ፣ ሰዓቱ በብልቃጦቹ ወረቀት ላይ አስቀድሞ ታትሟል። እናቶቹ በሰዓቱ ይገኛሉ፤ ሠራተኞቹ ግን ከምሳ በኋላ ነበር የሚመጡት። የሰዓቱን ምክንያት ማንም ያልነገራቸው እናታችን ወረቀቱን እንዳለ ይለጥፉ ነበር።

የእናቶቹ ሆርሞን የሠራተኞቹን እጥፍ ሆኖ ተገኘ ተብሎ ውጤቱ ሊታወጅ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሆርሞኑ በማንም ሰው ደም ጠዋት ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ እንደሚል እናታችን ሰሙ። ሥራቸውን ሊያጡ እንደሚችሉ እያወቁ ወደ ጥናቱ ኃላፊ ገቡ።

«ዶክተር፣ የሠራተኞቹን የቀዳሁት ከምሳ በኋላ ነው። ጠዋት ብዬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።»

«እትዬ፣ አሁን ይህን ማን ይጠይቃል?»

«እኔ ጠየቅሁ እኮ!»

የሁለት ዓመት ደም ተደፋ። እናታችን ማስጠንቀቂያ ተጽፎባቸው ለአሥራ አራት ወራት የላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ ሆኑ። ሰላምታ የነሷቸው ባልደረቦችም ነበሩ። ጥናቱ በትክክለኛው ሰዓት ሲደገም ልዩነቱ አነሰ፤ አልጠፋም ግን። የእናቶቹ ሆርሞን ከፍ ብሎ፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከሉ አንዳንድ ዘረመሎች አሠራርም ተለውጦ ተገኘ። ወንበር ላይ ያድሩ የነበሩ አስታማሚዎች ከዚያ ወዲህ አልጋ አገኙ። በጥናቱ ላይ የእናታችን ስም የለም።

ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸውን አባታችንን ስድስት ዓመት አስታመሙ። አባታችን ባረፉ በጥቂት ወራት እናታችን ልባቸውን ታመሙ። እኛ ልጆቻቸው፣ ርቀን ተምረናል የምንለውም ጭምር፣ ያ ሁሉ ጭንቀት ነው የጣላቸው ብለን ስንፈርድ፣ «የአንድ ሰው ደም ማስረጃ አይሆንም። አባታችሁን አትክሰሱ» ብለው ገሠጹን።

በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ሚያዝያ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። ታናሽ እህታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸውና አምስት የልጅ ልጆቻቸው በሕይወት አሉ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን፤ ለእኛም ስሕተታችንን በገዛ አፋችን የምንናገርበትን ድፍረት ይስጠን።