የምስክሯ ትንፋሽ

ሰኞ፣ ቢቸና

ዛሬም በጅምር የተውኩት ጽሑፍ ተመለሰብኝ። የመዝገብ ቤት ኃላፊያችን ጋሽ ምናሉ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «ምን ነካሽ? አንቺ እንዲህ አልነበርሽም» አሉኝ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ሥራዬ ከባድ አይደለም። ምስክሮች ችሎት ላይ የተናገሩት በድምፅ ይቀዳል፤ እኔ በማዳመጫ እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ እገለብጣለሁ። ስንቱን ሰማሁ፤ ፍቺ፣ ስርቆት፣ ድብድብ። ሰምቼ፣ ጽፌ፣ ቤቴ ሄጄ እራቴን እበላለሁ። ይኼኛው ግን አብሮኝ ቤት ገባ።

ምስክሯ ከሞጣ አቅራቢያ ካለ ገጠር የመጡ እናት ናቸው። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በእርሻ ድንበር ተጣሉ። ታናሹ ሞተ፤ ታላቁ ተከሰሰ። ዐቃቤ ሕጉ «ማን መታው?» ይላቸዋል። ከዚያ ዝም። ረጅም ዝምታ። ትንፋሻቸው ብቻ ይሰማል፤ ይገባል፣ ይቆማል፣ እየተንቀጠቀጠ ይወጣል። እዚያ ስደርስ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ጽሑፉ ደግሞ ለዓርብ መድረስ አለበት።

ማታ ሽንኩርት ስከትፍ ሰማኋቸው። ከኋላዬ። ዞር አልኩ። ማንም የለም።

ማክሰኞ

ሞጣ፣ ዘሃራ ጋ ደወልኩ። አብረን ነው የተማርነው፤ አሁን የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። ነገርኳት።

«እብደት አይደለም» አለች፣ ሳልጠይቃት።

ሥራ ከመጀመሬ በፊት እንድቀመጥ፣ ቀልቤን ትንፋሼ ላይ እንዳደርግ ነገረችኝ። ሐሳብ ሲመጣ አልታገለውም፤ መጣ ብዬ ወደ ትንፋሼ መመለስ ነው።

ሞከርኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አየር ገባ፣ ወጣ። ጥቂት ቆይቶ የሚተነፍሰው ማን እንደሆነ ጠፋኝ። የሳቸው ነበር። ማዳመጫው እንኳ ጆሮዬ ላይ አልነበረም። ተነሥቼ ግቢ ወጣሁና ቧንቧው ጋ ፊቴን ታጠብኩ። ጥበቃው «ጉንፋን ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት።

ረቡዕ

ዘሃራ ስነግራት ሳቀች፤ ከዚያ ይቅርታ ጠየቀች። «ትንፋሹን ተዪው፤ ለሁሉም ሰው አይሆንም። እግርሽን ያዢ። መሬት የነካውን እግርሽን ብቻ።»

ጫማዬን ጠረጴዛ ሥር አወለቅሁ። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ቀኝ ተረከዜ ተሰነጣጥቋል። ውጭ ባጃጅ። ከጎን ቢሮ ማኅተም ሲመታ፣ ጧ፣ ጧ። ሐሳቡ ሲመጣ፣ ወደ ተረከዜ።

ጋሽ ምናሉ ገብተው «ጫማ ጠበበሽ እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

ዝምታው ጋ ስደርስ ዘለልኩት። ምንም ሳልጽፍ ወደ ቀጣዩ ቃላቸው ሄድኩ፦ «ሁለቱንም የወለድኩ እኔ ነኝ።» ጥያቄውና መልሱ ወረቀቱ ላይ ተጣብቀው ሲታዩ፣ ሴትዮዋ ቶሎ የመለሱ ይመስላል። ቅር አለኝ። ግን ጨረስኩ። ይህም ትንሽ ድል ነው።

ሐሙስ

ፊታቸውን ሳላይ ድምፃቸውን አወቅሁ። በሩ ላይ ቆመው «የነገው ቀጠሮ ስንት ሰዓት ነው?» ይላሉ። ጥቁር ለብሰዋል። አገልግል ይዘዋል። እንደዚህ ቀጭን ይሆናሉ ብዬ አላሰብኩም። ጋሽ ምናሉ ችሎት ገብተዋል፤ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። እግሬን ፈለግሁት። አለ፤ መሬት ላይ ነው።

«ይግቡ እናቴ፣ ይቀመጡ።» ድምፄ ወጣ።

ሰዓቱን ነገርኳቸው። ዛሬ እህታቸው ቤት ያድራሉ። አገልግሉ ለታላቁ ልጃቸው ነው፤ ማረሚያ ቤት ሊያደርሱለት። «ትናንት የዚያኛው መቃብር ላይ ነበርኩ» አሉ። «ዛሬ ደግሞ ለዚህኛው።»

አገልግሉን ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩላቸው።

«የምትጽፊው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ያልኩትን ሁሉ ጻፍሽው?»

«አዎ።»

«ዝም ያልኩትንስ?»

ስለ ጉዳዩ ከምስክር ጋር ማውራት አይገባኝም። እሳቸው ግን ቀጠሉ፤ «ልናገር እየፈለግሁ ነው አፌ እምቢ ያለኝ። ዳኛው ቀልሎኝ የመለስኩ እንዳይመስላቸው።»

«ደግሜ እሰማዋለሁ» አልኳቸው። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

ሲነሡ ጠረጴዛው ሥር አዩ። «ልጄ፣ ባዶ እግርሽን ነሽ። ብርድ ይመታሻል» ብለውኝ ወጡ።

ማዳመጫውን አደረግሁ። እንባዬ ይወርዳል፤ እጄ ግን አልቆመም። በቅንፍ «ምስክሯ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ» ብዬ ጻፍኩ።

ዓርብ

ጋሽ ምናሉ ቅንፉን አዩት። «ዝምታ ቃል ነው እንዴ?»

«ድምፁ ላይ አለ ጋሼ።»

ማዳመጫውን ተቀብለው ራሳቸው ሰሙ። መነጽራቸውን አወለቁ። እስኪያልቅ አልተነሡም። ከዚያ ፈረሙ።

ፍርዱ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ምን እንደሚሆን አላውቅም። አለማወቁ ይከብዳል።

እሑድ፣ ሞጣ

ዘሃራ አባቷ ሱቅ በር ላይ ቁጭ አድርጋ ሻይ አጠጣችኝ። «አሁንስ ይመጡብሻል?»

«ይመጣሉ። አሁን ግን ፊት አላቸው።»

«ይሻላል ወይስ ይብሳል?»

አላውቅም አልኳት። ዘሃራ ምክር አልጨመረችም። ስለ ሌላ ሌላ ስናወራ መሸ።

ሰኞ፣ ቢቸና

ጋሽ ምናሉ «ከፈለግሽ ለጊዜው ፋይል ክፍል ላዛውርሽ» አሉኝ። እስኪ ልሞክር፣ ካቃተኝ እነግርዎታለሁ አልኳቸው። አዲስ መዝገብ ሰጡኝ፤ የከብት ስርቆት። አንድ ሽማግሌ ስማቸውን ይናገራሉ። ከሳቸው ቃል ሥር ሌላ ሰው ሲተነፍስ ሰማሁ። ክው አልኩ። ድምፁን አቆምኩት። ትንፋሹ አልቆመም።

የራሴ ነበር። ትንሽ ሰማሁትና ሥራዬን ቀጠልኩ።