አልጋ ሥር የቀረችው እግርህ

አንዱዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሳምንት ሆነህ። ሙት ዓመትህን አወጣሁልህ፤ ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፣ ዘመድም በልቶ ጠጥቶ ሄደ። ባሏን በወግ በማዕረግ ሸኘች ብለው አመሰገኑኝ። አንተን ለሞት ያበቃሁህ እኔ መሆኔን ማን ነግሯቸው!

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። የግሽ አባይን መንገድ ቆፋፍረው ትተውት አቧራው ሊገድለን ነው። የተከልኸው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ፤ አልቀመስሁትም። ልብስህን ለነዳያን ሰጠሁ። ሰው ሠራሽ እግርህ ግን ጫማዋን እንዳደረገች አልጋ ሥር ነበረች። እናቴ አውጪልኝ ብትል ብትል አልሰማኋትም።

ከጦር ሜዳ ስትመለስ እንዴት እንደነበርህ ታስታውሳለህ? በር ጓ ካለ ግድግዳ ትጠጋለህ። ለእኔ የነበሩህ ቃላት እሺ እና በቃኝ ብቻ ነበሩ። ከዚያ የጦር ጓደኛህ አሥር አለቃ ሞላ መጥቶ ሐይቁ ዳር ወዳለው ሜዳ ወሰደህ። እንደ አንተ እግራቸውን አጥተው ከጦሩ የተሰናበቱ ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠው መረብ ኳስ ይጫወታሉ። ሰው ሠራሽ እግራቸውን አውልቀው በሜዳው ዳር ይደረድሩና በእጃቸው እየተንፏቀቁ ኳሷን ያሳድዳሉ። ልይህ ብዬ አንድ ቀን መጣሁ። አቧራ ለብሰህ፣ ነጥብ ተሰረቅን እያልህ ከሞላ ጋር ስትጨቃጨቅ ቆይተህ በሳቅ ፍርስ ስትል አየሁህ። ያን ሳቅ ከሰርጋችን ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

ሌላ ሚስት ብትሆን እልል ትል ነበር። እኔ ቀናሁ። ቁስልህን ያጠብሁ እኔ፣ ስትባንን ያቀፍሁህ እኔ፣ ሳቅህ ለእነሱ! ለሰው ግን እንዲህ አላልሁም። ቤት ሲገባ አፉን የሚይዘው መንፈስ ነው አልሁና ዘጌ ጸበል ልወስድህ ተነሣሁ። የጎንደር ተጋጣሚዎቻችሁ ሊመጡ ሳምንት ቀርቷቸው ነበር። ግጥሚያው ይለፍና እንሄዳለን ብለህ ለመንኸኝ። ከተጋባን ወዲህ የለመንኸኝ ያን አንድ ነገር ነው። ወይ ኳሱን ወይ እኔን አልሁህ። ማልያህን አጥፈህ አስቀመጥህና ጀልባው ላይ ወጣህ።

በአምስተኛው ቀን ስትጠመቅ ተንቀጠቀጥህ። ሊለቀው ነው ብዬ እልል አልሁ። አዎ፣ እልል አልሁ! ስትቃዥም መንፈሱ ለፈለፈ አልሁ። የሚያጠምቁት አባ ግንባርህን ዳስሰው፣ ይህ ወባ ነው፣ ጸበሉ የትም አይሄድ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት አድርሺው ብለው ተቆጡኝ። እኔ ግን ሱባኤው ሳይሞላ አልወጣም ብዬ ሁለት ቀን አቆየሁህ። ሐኪም ቤት በገባህ ማግስት አረፍህ።

ለቅሶ የመጣው ሁሉ እግዚአብሔር የወደደውን አደረገ ይለኛል። እኔ በእግዚአብሔር አላላክክም።

ባለፈው ቅዳሜ እግርህን በነጠላ ጠቅልዬ ሜዳው ሄድሁ። ከእግሮቹ ሰልፍ ጫፍ ላይ ያንተን ቦታ ዓመት ሙሉ ክፍት ትተውልሃል። እዚያ አቆምኋት። ሞላ እየተንፏቀቀ መጥቶ፣ አንቺን የመሰለች ሚስት አይገኝም ሲለኝ አልቻልሁም፤ ቅናቴንም፣ እልልታዬንም፣ ሁለቱን ቀንም ነገርሁት። ፊቱ ጠቆረ። ፊቱን አዙሮ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጨዋታው ሲያልቅ እግርህን በማልያው ጠርጎ አስታቀፈኝና፣ ዓይኔን ሳያይ፣ ለሚመጣው ቅዳሜም አምጪያት አለኝ።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅር ባይ አፍህን ራሴ ዘግቼዋለሁ። ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እግርህን ይዤ እሄዳለሁ፤ ሞላ ቢያኮርፈኝም እሄዳለሁ። እስክሞት ድረስ ያን ሳቅህን፣ ለእኔ ያልሳቅኸውን፣ አልረሳውም።

ሚስትህ