ልብስ አጣቢዋን የሳልካት አንተ ነህ

ሃርለም፣ ጥቅምት 1658

ውድ ዮስት፣

ሮም ድረስ የምጽፍልህ ናፍቀኸኝ አይደለም። እንዴት ልትናፍቀኝ? ዳቦ ጋጋሪው ሳይቀር "የዮስት ጓደኛ" እያለ ነው የሚጠራኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሳልኩ ሰው የራሴ ስም የለኝም።

ባለፈው ማክሰኞ የሠዓሊዎች ማኅበር ለምስክርነት ጠራኝ። እህትህ ኔልቼ የልብስ አጣቢዋን ሥዕል ሸጣ ኖሮ፣ ገዢው "የዮስት አይደለም፤ አታላኛለች" ብሎ ከሷታል። አለቃው አስምሎኝ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ አዞረና፣ "ቴውኒስ፣ ከአንድ መምህር ሥር ነው ያደጋችሁት። እጁን አንተ ካላወቅከው ማን ያውቀዋል?" አለኝ።

ገና ከበሩ ስገባ አውቄዋለሁ። ቀለሙ ሳይደርቅ በአውራ ጣትህ ተጭነህ የሳሙና አረፋ የምታወጣው ነገር! መምህራችን በዱላ እንኳ ሊያስተውህ አልቻለም። እኔም ተደብቄ ሞክሬው ነበር፤ የኔ ጣት እድፍ ብቻ ትቶ ተነሳ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

"የሱ እጅ አይደለም" አልኩ።

ኔልቼ ብድግ አለች። "ምን? አጣቢዋ እኮ እኔ ነኝ! ክንዴ እስኪደነዝዝ ባልዲ ይዤ የቆምኩለት እኔ! አንተስ ብትሆን በሩ ላይ ቆመህ የጨው ዓሣ ስትበላ አልነበር? ጭራውን እንኳ ለድመታችን ነፍገህ!"

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፣ ዮስት። "አላስታውስም" አልኩ።

አሁን ስሟ ከአታላዮች ጋር ተጽፎ ገበያው በር ላይ ተቸንክሯል። ትናንት ዓሣ ሻጯ ኔልቼ የከፈለቻትን ሳንቲም ነከስ አድርጋ፣ "ካንቺ ሲሆን መንከሱ ይሻላል፣ እመቤት" ስትላት ሰማሁ። ኔልቼ ዓሣውን እዚያው ትታ ሄደች። እኔን አይታኛለች።

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አልፈልግለትም። "ምቀኛ አታሳጣኝ" ብለህ ጸልየህ ከሆነ ተሰምቶልሃል።

ሰኞ ማኅበሩ ሲሰበሰብ "በሐሰት ምያለሁ" እላለሁ። በሐሰት የማለ ዳግመኛ ሥዕል እንደማይሸጥ ሕጉን ታውቀዋለህ። ከሌላ ሙያ ጋር አልተዋወቅኩም፤ በምን እንደምኖር እንጃ። ኔልቼ ግን ዓሣዋን ቀና ብላ ትገዛለች።

አንድ ነገር ልለምንህ። ይቅር ብዬሃለሁ ብለህ እንዳትጽፍልኝ። በሥዕሉ በልጠኸኛል፤ በዚህም ስትበልጠኝ ማየት አልችልም።

ቴውኒስ